ከልመናው 16 ቀን በኋላ ፋሲካ ሆነ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ!

በየዓመቱ የምልክላችሁ መልእክት ከምርቃት አያልፍም ነበር። ዘንድሮ ግን ሰሞኑን ያነበብኩት የአንድ ዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ ታሪክ ከልቤ አልወጣ ስላለ ከምርቃቱ ጋር አብሬ አቀርበዋለሁ።

ዩኒቨርሲቲው በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ የሚገኘው የኢየሱሳውያን ሎዮላ ነው። (ኢየሱሳውያን የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር አባላት ናቸው፤ ስማቸው ሲነሣ የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ትዝ የሚለው አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ እርሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።) መጋቢት 22 ቀን 1914፣ በፈረንጆቹ 1922፣ በዕለተ ዓርብ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት አባ ኤድዋርድ ከሚንግስ በሬዲዮው የመጀመሪያ ስርጭት ማይክሮፎን ፊት ቀርበው ሦስት ደቂቃ ያህል ተናገሩ። ንግግሩ ስብከት አልነበረም። ለሕንፃ ማሠሪያ ርዱን የሚል ልመና ነበር! ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1913፣ የሌላው የኢየሱሳውያን ተቋም የሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ ሬዲዮም አፉን የፈታው በአየር ጠባይ ዘገባ ነው።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ወደድኳቸው። ገበሬው ነገ ይዘንብ እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል፤ ተማሪው የሚማርበት ጣራ ያስፈልገዋል። ማን እንደሚሰማ ሳያውቁ የጎደላቸውን በግልጽ መናገራቸውም ድፍረት ነው።

ከአባ ከሚንግስ ልመና 16 ቀን በኋላ ፋሲካ ሆነ። በዚያ ዓመት ምሥራቁም ምዕራቡም ትንሣኤን ያከበሩት በአንድ ቀን፣ ሚያዝያ 8 ነበር።

የሎዮላ ጣቢያ ከጊዜ በኋላ አድጎ 50,000 ዋት ደረሰ። በፈረንጆቹ 1957 ቴሌቪዥን ተጨመረለት፤ ማስታወቂያ ገባበት፤ ገቢውም ዩኒቨርሲቲውን ይደጉም ጀመር። በ1989 ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ተሸጡ። አንዳንዱ ይህን ከዓላማ መውጣት ይለዋል። እኔ አልፈርድም፤ በልመና የተጀመረ ነገር ባለቤቱን መጦሩ ለእኔ ነውር አይደለም።

እኔን የያዘኝ ሌሊቱ ነው። የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ሲመሽ ርቆ ይሄዳል። ቀን ሞገዱን የሚውጠው የከባቢ አየር ንብርብር ፀሐይ ስትጠልቅ ይሳሳና፣ ድምፁ ከፍ ካለው ንብርብር እየነጠረ ብዙ ግዛቶችን ያቋርጣል። ስለዚህ ያ ጣቢያ ለብዙ ዓመታት ሌሊት ሌሊት ያጫውት የነበረው በየአውራ ጎዳናው ብቻቸውን የሚጓዙትን የከባድ መኪና ሾፌሮች ነው።

የእኔም ሰላምታ ዛሬ ወደዚያ ያደላል። ከቤተሰብ ርቃችሁ በመንገድ ላይ፣ በሆስፒታል ተረኝነት፣ በጥበቃ ላይ ሆናችሁ በዓሉን የምታሳልፉ ወዳጆቼ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ካነበባችሁት የት እንዳላችሁ ጻፉልኝ።