71 ቁጥር ትራም

ቪየና አራት ቀን ቆየሁ። ሦስቱን ቀን ስብሰባ በላው። በቀረችኝ እሑድ ባልደረቦቼ ሾንብሩን ቤተ መንግሥት ካልሄድን አሉ። አብሬያቸው ሄድኩ፤ ሰልፉን ሳይ ግን ሐሞቴ ፈሰሰ። ወርቅ የተለበጠ ክፍል አያለሁ ብዬ የሰው ማጅራት ሳይ አልውልም። እዚያው ትቻቸው ሆቴል ተመለስኩና እንግዳ ተቀባዩን «ቱሪስት የማይበዛበት ቦታ ካለ ንገረኝ» አልኩት።

«71 ቁጥር ትራም ይያዙ» አለኝ። ፈገግ ብሎም «መመለስዎን ግን እንዳይረሱ» ብሎ ጨመረ።

ቀልዱ የገባኝ በኋላ ነው። 71 ወደ ትልቁ የመቃብር ስፍራ፣ ዜንትራልፍሪድሆፍ ወደሚሉት፣ የሚሄደው ትራም ነው። ቪየናዎች ሰው ሲሞት «71ን ያዘ» ይላሉ። እንዲያው የቋንቋ ጨዋታ ብቻም አይደለም። በ1918፣ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው ወረርሽኝ ዓለምን ሲያጭድ፣ ከተማዋ አስከሬን በትራም አመላልሳለች። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስፍራው ሁለት ተኩል ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ የተቀበረው ሰው ሦስት ሚሊዮን ይጠጋል፤ በሕይወት ያለው የቪየና ነዋሪ ደግሞ ሁለት ሚሊዮን። ግቢው ውስጥ አውቶቡስ ይሠራል ስላችሁ እንዳትስቁ። ፌርማታ ሁሉ አለው።

ጎብኚ ካለ የምታገኙት ሙዚቀኞቹ ጋ ነው። ቤትሆቨን፣ ሹበርትና ብራምስ ጎረቤታሞች ናቸው። ግን ስፍራው የተከፈተው በ1874 ነው፤ ቤትሆቨን ደግሞ የሞተው በ1827። እንዴት ሆነ? አዲሱ መቃብር ከከተማው የራቀ፣ ዛፍ እንኳ ያልበቀለበት ሜዳ ስለነበር ሕዝቡ አልወደደውም። ስለዚህ ስመ ጥር ሙታንን ከነበሩበት እያወጡ ወደዚህ አዛወሩ። ገበያ ለማድመቅ በሉት። ቤትሆቨንም በ1888 ቤት ቀየረ። አበባ አልጎደለበትም፤ ፎቶ የሚነሳም አልጠፋም። እኔ ብዙ አልቆምኩም።

ብዙ የቆየሁት በአንደኛው በር በኩል ባለው የድሮ አይሁድ ክፍል ነው። ድንጋዮቹ ዘመዋል። ሐረግ ስሞቹን ሸፍኗል። መቃብሩን የሚጎበኝ ዘመድ የቀረው ጥቂቱ ነው፤ ሌላው በናዚ ዘመን ወይ ተሰደደ ወይ ተገደለ። በሁለት ሐውልቶች መሃል አንዲት ሚዳቋ ብቅ አለች። ቆመች፤ እኔም ቆምኩ። አየችኝ፣ ጆሮዋን አንዴ ነቀነቀች፣ ከዚያ እንደሌለሁ ቆጥራ ከአንዱ ድንጋይ ላይ ቅጠሉን ቀንጠስ ቀንጠስ ማድረግ ጀመረች። ስትጨርስ ከሥሩ ሁለት ፊደል ታየ።

ከዚያ ወደ አልበርን ወደብ ወረድኩ። አውቶቡሱ ዓይኔ እያየ ስላመለጠኝ በእግሬ ነው የሄድኩት። ትልልቅ የእህል ጎተራዎች፣ የቆሙ የጭነት መኪናዎች፣ ሰው የለም። «ምን አባቴ ልሠራ መጣሁ?» ማለት ጀምሬ ነበር። ከጎርፍ መከላከያው ግድብ ጀርባ ዝቅ ብላ አንዲት ትንሽ መቃብር አለች። የስም የለሾች መቃብር ይሏታል።

እዚህ ቦታ የዳኑብ ወንዝ ይሽከረከር ነበር። ከላይ የወደቀበትን ሰው ይዞ መጥቶ እዚህ ዳር ይተፋዋል። ራሱን የጣለ፣ የሰጠመ፣ የተገደለ፣ ማን ይለየዋል? ከ1900 እስከ 1940 ድረስ 104 ሰው ተቀብሮባታል። የ61ዱ ስም አይታወቅም። በ1939 ወደቡ ሲሠራ የውኃው አካሄድ ተቀየረና ሬሳ መምጣቱም ቀረ።

መስቀሎቹ ጥቁር ብረት ናቸው፤ የተሰቀለው ክርስቶስ ብቻ ብርማ ቀለም ተቀብቷል። ከሥሩ አንዲት ቃል፤ «ናመንሎስ»፣ ስም የለሽ። ቀጥሎም ናመንሎስ። ቀጥሎም። አንዱ ላይ ዝናብ የበላው የጨርቅ ድብ ተቀምጧል። አንድ ሰው የላስቲክ ከረጢት አልብሶታል፤ አንገቱ ላይ በክር አስሮለታል። ክሩ አዲስ ነበር።

በየዓመቱ በፈረንጆች ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች የአበባ ጉንጉንና ሻማ ያለበት ታንኳ መሰል ነገር ሠርተው ወንዙ ላይ ይለቃሉ። በጀርመንኛ፣ በስሎቫክና በሃንጋሪ ቋንቋ የተጻፈ መልእክት አለበት። ወንዙ ከኦስትሪያ ወጥቶ የሚሄደው ወደነዚያ አገሮች ነዋ።

አውቶቡስ ስጠብቅ ባልደረባዬ ከቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ፎቶ ላከልኝ። ገና ሰልፍ ላይ ናቸው። «አንተስ የት ጠፋህ?» ይላል።

«71ን ያዝኩ» ብዬ መለስኩለት።

«እሺ፣ ለእራት ድረስ» አለኝ።