አለ አለ

ኅዳር ነው። ሃምቡርግ ውስጥ የኅዳር ቀን 10 ሰዓት ላይ ይጨልማል። በእኛ አቆጣጠር ነው የምለው፤ እዚህ ስድስት ዓመት ኖሬም ሰዓት በልቤ የምቆጥረው እንደ አገሬ ነው። ዛሬ ጠዋት ከዳምቶር ባቡር ጣቢያ ወጥቼ በካፊያው ውስጥ ወደ ክፍሌ ስሄድ 4 ሰዓት አልፎ ነበር። አልዘገየሁም። የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች «የአካዳሚ ሩብ» የሚሉት የቆየ ልማድ አላቸው፤ በፕሮግራሙ ላይ 4 ሰዓት የተባለው ትምህርት 4፡15 ላይ ይጀመራል። ያችን ሩብ ሰዓት እወዳታለሁ። ሰሌዳውን አጽድቼ፣ የፊደል ገበታውን ሰቅዬ፣ ትንፋሼን የምሰበስበው በእርሷ ነው።

የማስተምረው አማርኛ ነው። ዘንድሮ ሰባት ተማሪዎች አሉኝ። አንደኛው የግዕዝ ብራናዎችን የሚያጠና ወጣት ነው፤ ጀርመንኛ ውስጥ የሌሉትን፣ እንደ «ጥ» ያሉ ፈንጂ ድምፆች ለመልመድ ቀጭን ወረቀት ከአፉ ፊት ይዞ «ት፣ ጥ፣ ት፣ ጥ» ሲል ይውላል። «ት» ሲል ወረቀቱ ይርገበገባል፤ «ጥ» ሲል ጸጥ ካለለት ፊቱ ይበራል። አንዷ ደግሞ እዚሁ ከተማ ተወልዳ ያደገች የእኛው ልጅ ናት።

ይህች ልጅ በመጀመሪያው ቀን ከሁሉም ኋላ ተቀመጠች። «እኔ የማውቀው እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ የምትለኝን ብቻ ነው» አለችኝ፣ በጀርመንኛ፣ ዓይኗን ሰብራ። ስለ ትምህርቱ ልናወራ ስል ወንበር ሳበችልኝና በአማርኛ «ነይ፣ ቁጭ በይ» አለችኝ። እኔ ወንድ ነኝ፤ በዕድሜም አባቷ እሆናለሁ። ግን አልተቆጣሁም፤ ሆዴን ነው የበላኝ። ከእናቷ ጋር ብቻዋን ያደገች አንድያ ልጅ ናት። ና የሚባል ወንድም በቤቱ አልነበረም፤ ይምጡ የሚባል እንግዳም ብዙ አልገባም። የሰማችውን ሁሉ የሰማችው ለእርሷ ሲባል ነው፦ ነይ፣ ብይ፣ ተኚ፣ አይዞሽ።

ዛሬ ስለ መጥበቅና መላላት ነበር ትምህርቱ። ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃል ጻፍሁ፦ አለ አለ። በፊደል አንድ ናቸው። የፊተኛው ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ማለት ነው፤ የኋለኛው ላልቶ ሲነበብ ተናገረ። ገናም እንዲሁ ነው፤ ዋናም፣ ሰፊም። ፊደላችን ሰባቱን አናባቢዎች እያንዳንዳቸውን ለይቶ ሲጽፍ፣ ይህን ግን ለአንባቢው ይተወዋል።

የብራናው ተማሪ «ካልተጻፈ እንዴት ያውቁታል?» ሲል ጠየቀኝ።

ከአገባቡ ይታወቃል ማለት እችል ነበር፤ ብዬውም ነበር። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ሥራ እስክጀምር ድረስ አንድም ቀን አስቤበት አላውቅም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ አባ ጎርጎርዮስን አስታውሳለሁ። እኒያ የመካነ ሥላሴ ሰው እ.ኤ.አ. በ1652 ጎታ ወደሚባለው የጀርመን ከተማ ተጠርተው የአገራችንን ቋንቋዎች ለሚያጠናው ጀርመናዊ ሊቅ ለሂዮብ ሉዶልፍ አማርኛን ሲያስረዱ በእጃቸው የማስተማሪያ መጽሐፍ አልነበረም። ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመው በ1698 ነው፤ እርሳቸው በ1658 በጉዞ ላይ ሳሉ መርከብ ተሰብሮ ከሞቱ 40 ዓመት በኋላ። በዚያ ብርድ አገር ስንት ጊዜ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ተብለው ይሆን? ለዚህች ክፍል የመጀመሪያውን መሠረት የጣሉት እርሳቸው ይመስሉኛል።

ከኋላ አንድ እጅ ተነሣ። «ላንብበው?»

አነበበችው። የፊተኛውን አጠበቀችው፤ የኋለኛውን አላላችው። ገና፣ ዋና፣ ሰፊ እያልሁ ዐረፍተ ነገር ጨመርሁላት፤ አንዱንም አልሳተችም። ፊደሎቹን ገና እየቆጠረች የምታነብ ልጅ ናት፤ ድምፁ ላይ ግን አላመነታችም።

«እንዴት አወቅሽ?» አልኋት።

«እንዲህ ስለሚባል» አለች።

ስድስቱም ዞረው አዩዋት። እኔ ስለ እናቷ አሰብሁ። በዚህ ከተማ «ልጄ አማርኛ አትችልም፣ ጊዜ ሰጥቼ አላስተማርኋትም» እያሉ የሚያዝኑ እናቶች ብዙ አጋጥመውኛል። ከሥራ ደክመው ገብተው፣ ሽንኩርት እየከተፉ፣ «ነይ ብይ» ያሉት ቃል ምን ያህል እንደሠራ ማንም አልነገራቸውም። እኔ በአንድ ሴሚስተር፣ በወረቀትና በሰሌዳ የማላስገባውን እነርሱ በእራት ሰዓት አስገብተውታል። የቀረው አንቱታው ነው፤ እርሱን እኔ እችላለሁ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ መጣች። መስኮቱ ጨልሞ ነበር። ለገና ደሴ ላሉት አያቷ ልትደውል ነው፤ እስከ ዛሬ በስልክ ሰላምታ ሲደርሳት እየሣቀች ስልኩን ለእናቷ ትመልስ ነበር። አያት አንቺ እንደማይባሉ ታውቃለች፤ ታዲያ ምን ይባላሉ?

«እንደምን አሉ» ብዬ ጻፍሁላት።

ጣቷን ከፊደሎቹ በታች እያስኬደች አነበበች። «አሉ» ላይ ስትደርስ ማንም ሳይነግራት አጠበቀችው። ከዚያ ደግማ አለችው፤ ሦስተኛም። ቢሮውን ቆልፈን ስንወርድ ደረጃው ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትለማመደው ነበር፦ እንደምን አሉ፣ እማማ። እንደምን አሉ።