የድሮ ፒክአፕ ጋቢና በፎር ዊል ሻንሲ ላይ

ዛሬ ዓለም ገና ጋራዥ ውስጥ የድሮ ሂሉክስ ጋቢና ፎር ዊል ሻንሲ (ጋቢናውን የሚሸከመው የብረት አጽም) ላይ አረፈ። ይህን ሥራ የምታስቡ፣ ጋቢናው ከመነሳቱ በፊት ባዶውን ሻንሲ በሰያፍ ከጥግ እስከ ጥግ ለኩት። ሁለቱ ልኬቶች ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያዩ ሻንሲው ጠሟል፤ በሮቹ በልካቸው አይዘጉም።

ከባዱ ሥራ ጋቢናው የሚያርፍባቸው ድጋፎች ናቸው። የድሮዎቹ ቦታቸው አይገጥምም፤ ተቆርጠው በ5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይሠራሉ። እባካችሁ መጀመሪያ ነጥብ ነጥብ ብቻ በይዱ! ጋቢናው ተቀምጦ፣ በሩ ተከፍቶ ተዘግቶ፣ የመሪው ዘንግ ምንም ሳይነካ መዞሩ ከታየ በኋላ ነው ሙሉ ብየዳ። ከመበየዳችሁ በፊት የባትሪውን ገመድ ንቀሉ። በድጋፉና በጋቢናው መካከል ላስቲክ ካልገባ ኮረኮንቹ ወለሉን ይሰነጥቀዋል።

ላስቲኩ ግን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ከጋቢናው ወደ ሻንሲው ወፍራም የማሳ ገመድ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት) ካልታሰረ መብራቱ ይደክማል፣ ጌጁም የተሳሳተ ያሳያል። ብዙ ኤሌክትሪሺያን ችግሩ ገመዱ መሆኑን ሳያይ ዳይናሞ የሚያስቀይረው እዚህ ጋ ነው።

ለፎር ዊሉ ማርሽ ዘንግ ወለሉ ይቀደዳል፤ የፍሬን ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው) ከሻንሲው ፍሬን ጋር የሚስማማው ይሁን። የሻንሲ ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ስለሚለይ ፈቃዱን ሥራው ሳይጀመር ጠይቁ።