ቱርኮቹስ ይፍዘዙ፣ እኛን ምን አፈዘዘን?

ሰሞኑን የሚታዩትን የአገራችንን ተከታታይ ድራማዎች የሚያደክማቸው የታሪክ እጦት አይመስለኝም። ታሪክማ ሞልቷል፤ ውርሱ አለ፣ የተደበቀው ልጅ አለ፣ በቀሉም አለ። ችግሩ ደቂቃው ላይ ነው። ሚስት የባሏን ስልክ ታነሳለች፣ መልእክቱን ታነባለች፣ ካሜራው ፊቷ ላይ ይቀመጣል። ሙዚቃ ይገባል። ባልየው በር ላይ ቆሟል፤ ካሜራው ወደ እሱ ይሄዳል፣ ወደ እሷ ይመለሳል፣ እንደገና ወደ እሱ። ሰዓት ይዞ ለቆጠረ ሠላሳና አርባ ሰከንድ አልፏል። እስካሁን የተነገረ ቃል የለም፤ ተመልካቹም ቢሆን መልእክቱ የተነበበ ጊዜ ካወቀው በላይ ያወቀው ነገር የለም።

ይህ አሠራር ከቱርክ ድራማ እንደመጣ ሁሉም ሰው ይናገራል። ቱርኮቹ ራሳቸው ለምን እንዲህ እንደሚሠሩ ግን ብዙም ሲወራ አይሰማም።

ኢስታንቡል የሚሠራ ድራማ ባብዛኛው በሳምንት አንድ ምሽት ነው የሚተላለፈው፤ አንዱ ክፍል ግን ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። የአንድ ሙሉ ፊልም ርዝመት ማለት ነው፣ በየሳምንቱ። ምክንያቱ ጥበብ ሳይሆን ማስታወቂያ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ደቂቃ ማስታወቂያ እንደሚገባ በሕግ ስለተገደበ፣ ብዙ ማስታወቂያ መሸጥ የፈለገ ጣቢያ ተወዳጁን ድራማ ያረዝመዋል። በሙያው ልማድ አንድ ገጽ ስክሪፕት በግምት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለ120 ደቂቃ 120 ገጽ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን በየሳምንቱ ጽፎ፣ በስድስትና በሰባት ቀን ቀርፆ ማድረስ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ የጎደለው ገጽ በዝምታ፣ በሙዚቃ፣ ያለፈውን መልሶ በሚያሳይ የትዝታ ሲን (ትዕይንት) እና በመተያየት ይሞላል። ሥራው ያንገፈገፋቸው የድራማ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ላይ የክፍሎቹን ርዝመት ተቃውመው ኢስታንቡል ውስጥ ሰልፍ እስከመውጣት ደርሰዋል።

ቢሆንም ሰዎቹ መፍዘዙንም ያውቁበታል። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2017 በ74 ክፍሎች የተሠራው «ካራ ሴቭዳ» የተባለው የቱርክ ድራማ በዚያው በ2017 ዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት የወሰደው በዚሁ አካሄድ ነው። እዚያ ውስጥ ፊት ለረጅም ጊዜ ሲታይ ብርሃኑ ከጎን ተስተካክሎ ገብቷል፣ ከኋላ ያለው ነገር በልክ ደብዝዟል፣ ተዋናዩም ያንን ጊዜ የሚሞላበት ነገር ተሰጥቶታል፤ መጀመሪያ ማመን ያቅተዋል፣ ቀጥሎ ይቆጣል፣ ቀጥሎ ቁጣውን ይውጠዋል። ሦስት የስሜት ለውጥ በሠላሳ ሰከንድ። የኛዎቹ ክሎዝ አፖች (ከቅርብ የተቀረፁ ፊቶች) ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ስሜት ነው፤ ድንጋጤ ተጀምሮ በድንጋጤ ያልቃል።

ድራማው ወደ ውጭ ሲሸጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። የሁለት ሰዓቱ ክፍል 45 ደቂቃ አካባቢ ወደሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ክፍሎች ይቆረጣል። ደራሲው ልብ እንዲያንጠለጥል አድርጎ የጻፈው መጨረሻ የሚገኘው ከሦስቱ በአንዱ ላይ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ሰው ሻይ እየጠጣ ሳለ ሊያልቁ ይችላሉ። «ዛሬ እኮ ምንም አልተፈጠረም» የሚለው የተመልካች ሮሮ ከዚህ ነው የሚመጣው። ሳምንት ሙሉ ለቆየ ተመልካች ማስታወሻ እንዲሆን የገባው የትዝታ ሲንም በየቀኑ ለሚያይ ሰው ትናንት ያየው ነገር ነው። እንዲህ ያለ ድራማ ማየት የሚጀምር ሰው ቢቻለው ሁለት ሦስቱን አከታትሎ ይይ፤ የመጀመሪያው ቅርፁ ያኔ ይታያል።

የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ የሚያቀርበው ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር የአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች አጥብቀው ተቃውመው ነበር። የገበያው ስጋት የሚገባ ሆኖ ሳለ፣ የአማርኛ ድምፅ ሥራው ግን ከተገመተው በላይ ጥሩ ሆኖ መገኘቱን መካድ አይቻልም። ለዚህ አንዱ ምክንያት ቱርክኛም እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ ነው። ዋናው ነገር የሚነገረው አረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ስለሆነ የተዋናዩ ፊት የሚለወጥበትና የአማርኛው ግስ የሚወድቅበት ቦታ ይገጥማል። ከንፈር ለማስገጠም ሁሉንም ቃል ማስተካከል አያስፈልግም፤ ከቅርብ በተቀረፀ ፊት ላይ ግን ብ፣ ፕ እና ም ከንፈር ስለሚያዘጉ እዚያ ላይ ካልገጠሙ ዓይን ወዲያው ያውቃል። በጣም የሚያስቸግረው ጾታ ነው። ቱርክኛ ውስጥ «እሱ» እና «እሷ» አንድ ቃል ናቸው። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው «እንገናኝ» ብሎ የሚልከው መልእክት ምንም አይደለም፤ «ይጠብቅሃል» ወይም «ትጠብቅሃለች» ማለት ሲመጣ ግን ተርጓሚው ምስጢሩን ሳያወጣ ማምለጫ መፈለግ አለበት፤ «የሚጠብቅህ ሰው አለ» ብሎ መዞር አንዱ መንገድ ነው። ሌላው ችግር ልቅሶ ላይ ይሰማል፤ ንግግሩ በአማርኛ ሆኖ ሲቃው የቱርኳ ተዋናይ ሆኖ ከቀረ፣ አንድ ሰው በሁለት ጉሮሮ ሲያለቅስ እንሰማለን።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የአገር ውስጥ ተከታታይ ድራማ ባብዛኛው ከግማሽ ሰዓት እስከ አርባ ደቂቃ ነው። የሚሞላ ሁለት ሰዓት የለብንም። እንዲያውም ጊዜ ነው የሚያጥረን! 35 ደቂቃ እንውሰድ፦ መግቢያው፣ «ባለፈው ክፍል»ና የስፖንሰሮቹ ስም ሲወጣለት 30 ደቂቃ ገደማ ይቀራል። አሁን በየድራማው የምናየውን የመኪና አመጣጥ እንመልከት። ጥሩምባ ይነፋል፤ ዘበኛው ከቤቱ ይወጣል፤ የብረቱ በር ይከፈታል፤ መኪናው ይገባል፣ ይቆማል፤ ሰውየው ይወርዳል፣ ቁልፉን ይጫናል፣ ደረጃውን ይወጣል፤ ሠራተኛዋ በር ትከፍታለች። ከዚያ «እንዴት ዋልሽ»፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ እንዴት ዋሉ»፣ «እትዬ አለች?»፣ «አሉ፣ ላይ ናቸው» ይከተላል። ይህ በትንሹ 45 ሰከንድ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ አራት ጊዜ ከመጣ ሦስት ደቂቃ፣ የታሪኩ አንድ አሥረኛ፣ በር ሲከፈት አለቀ። በዚህ ላይ በየሲኑ መሃል በድሮን የሚታየው የመስቀል አደባባይና የቦሌ መንገድ አለ። ከተማው ያምራል፣ አንድ ጊዜ ይበቃል።

መድኃኒቱ የሚገኘው ኤዲተሩ ጋ ሳይሆን ስክሪፕቱ ላይ ነው። ሲኑን ከሰላምታው በኋላ መጀመር። ሰውየው ላይ ቤት ቆሞ «ማን ነው የፈረመው?» ሲል ብንገባ እንዴት እንደመጣ የሚጠይቅ ተመልካች የለም። ሰላምታው የሚቀረው ሰላምታው ራሱ ወሬ ሲኖረው ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ የምትስመው ልጅ ዛሬ ከሩቅ እጇን ከዘረጋች እሱ ይታይ።

ሙዚቃው ግን ሌላ ምክንያት አለው፤ ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወቀሱት ዳይሬክተሮች በግልጽ የማይናገሩት ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የማያቋርጥ ሙዚቃ ብዙውን ጊዜ የሚገባው የተበላሸ ድምፅ ለመሸፈን ነው። የሚከራየው ቪላ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ፣ መስኮቱ ሰፊ ብርጭቆ ነው፤ ድምፅ ተመላልሶ ያስተጋባል። ካሜራ የማያየው ወለል ላይ ወፍራም ምንጣፍ፣ ከካሜራው ጀርባ ባሉት ግድግዳዎች ላይ ብርድ ልብስና ጋቢ ቢሰቀል ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ፍሪጁ ይነቀል (ሥራ ሲያልቅ መልሶ መሰካት የሚረሳው ፕሮዳክሽን ቤት አከራይ ያጣል)። ጄኔሬተር ካለ ኬብሉ ረዝሞ ከሕንፃው ጀርባ ይሂድ። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት በሐምሌ አይቀረፅም፤ ዝናቡ ከጀመረ ቡሙም (ከተዋናዩ በላይ በረጅም ዘንግ የሚያዘው ማይክ) አያድንም። ደረት ላይ የሚሰካ ማይክ ነጠላ ሥር ከገባ ጨርቁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንኮሻኮሻል፤ ነጠላው ሳይነካው የውስጡ ቀሚስ ላይ በፕላስተር መያዝ አለበት። ከሁሉ የሚረሳው ደግሞ በጣም ርካሹ ነው፦ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ሥራ ሲያልቅ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ የክፍሉን ባዶ ድምፅ ለሠላሳ ሰከንድ ያህል መቅዳት። ኤዲተሩ እሱ ካለው ሁለት ቅጂ ሲያገናኝ መሃሉን ይሞላበታል። ከሌለው አንዱ ሲናገር ሹሹታ፣ ሌላው ሲናገር ጸጥታ ይሆንና ያለው ምርጫ ክራር ወይም ፒያኖ ማንጠፍ ነው።

ዝግታ በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ ለማየት በአርትስ ቲቪ የታየውን «እረኛዬ» ማስታወስ ይበቃል። የገጠሩ ሕይወት ላይ ሲሆን ካሜራው አይቸኩልም፣ ሰዎቹም ቶሎ አይናገሩም። አይሰለችም ግን፤ ዝም ያለው ሰው ቦታው ላይ የሚኖር ሰው ይመስላል፣ ዝምታውም ለማን እንደሆነ ይታወቃል። ዝም የሚባለው ለአዛውንት አክብሮት ነው፣ ወይም በፍርሃት ነው፣ ወይም የሚባለው ነገር ከቃል በላይ ስለሆነ ነው። ከተማ ላይ የሚሠሩት ድራማዎች ሶፋ ላይ የሚያስቀምጧቸው ሰዎች ግን እጃቸው ሥራ ፈት ነው፤ ተዋናይ የሚይዘው ነገር ሲያጣ የሚቀረው ማፍጠጥ ነው። ሽንኩርት ትክተፍ፣ ልብስ ይተጣጠፍ፣ የተበላሸ ሶኬት ይጠገን። ወሬው የመጣ ጊዜ እጁ ቀጥ ካለ ሙዚቃም አያስፈልግ።

ተከታታይ ለመጻፍ ለተነሳ ሰው ቀላል መፈተኛ አለ። የሠራኸውን ክፍል ድምፁን አጥፍተህ እየው፤ ማን ማንን እንደሚፈልግ፣ ማን ማንን እንደሚፈራ ካልገባህ ችግሩ አሰላለፉና ትወናው ላይ ነው። ከዚያ ፊትህን አዙረህ ድምፁን ብቻ ስማው። ምስሉን ሳታይ ሁሉም ነገር አንድም ሳይቀር ከገባህ የጻፍከው የሬዲዮ ድራማ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የሚያደርገውን እየተናገረ ያደርጋል ማለት ነው፣ «አሁን ልወጣ ነው» እያለ ይወጣል። እነዚያን መስመሮች ስትሰርዝ ከአርባ ደቂቃው አምስቱ ይተርፉሃል፤ አምስት ደቂቃ ደግሞ ሁለት ጥሩ ሲን ነው።