የገብርኤልን ታሪክ ስጽፍ የሳትኩት ዓመት

ከኮምቦልቻ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ርቆ፣ አባቴ ክርስትና የተነሣበት የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አለ። ታሪኩን በትንሽ መጽሐፍ አሳትሜያለሁ። ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። የገጠር አጥቢያችሁን ታሪክ ለመጻፍ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እኔን ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ።

ቀላሉ ሥራ መዝገብ ማገላበጥ ነው። ሰበካ ጉባኤ የተደራጀው ቃለ ዓዋዲ የተባለው የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ደንብ በ1965 ከወጣ በኋላ ስለሆነ፣ የእኛ ቃለ ጉባኤ ከዚያ ወደ ኋላ አይሄድም። በ1967 የመሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያኑ መሬቱን ማጣቱን፣ በ1977 ድርቅ ምእመኑ መበተኑን ከካህናቱ ሰማሁ። በስልኬ ቀዳሁ፣ ማታ ማታ ጻፍኩ።

ጉድ የሠራኝ የምሥረታው ዓመት ነው።

መሪጌታው «ታቦቱ የገባው ከሰገሌ ጦርነት ወዲህ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በታኅሣሥ ገብርኤል ነው» አሉኝ። በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ 1919 ይላል። ዓመቶቹ በአራቱ ወንጌላውያን ስም በየተራ ይጠራሉና፣ በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ በባሕረ ሐሳብ፣ አሰላሁት። ከክርስቶስ በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመት ሲደመርበት 7419፣ ለአራት ሲካፈል 3 ይተርፋል። ሦስት ሉቃስ ነው። ገጠመልኝ! የድጋፍ ደብዳቤ ልጠይቅ የሄድኩበት ቢሮም «ሰሌዳው ላይ ያለውን ጻፍ፣ ሌላ ነገር አታምጣ፤ የምትጠይቀውም ካህናቱን ብቻ ነው» አለኝ። እሺ ብዬ 300 ቅጂ ደሴ አሳተምኩ።

ከወር በኋላ የአባቴ የድሮ ጎረቤት የሆኑ ሼህ ቤቴ ድረስ መጡ። ልጃቸው መጽሐፉን አንብቦላቸዋል። ቡና ቀርቦ፣ ዱዓ አድርገው ሲያበቁ «ልጄ፣ ዓመቱን ስተኸዋል» አሉኝ።

የነገሩኝ ይህን ነው። የኅዳር በሽታ በገባ ጊዜ ቀባሪ ጠፋ። የእሳቸው አያትና የእኔ ቅድመ አያት የክርስቲያኑንም የእስላሙንም መቃብር አብረው ቆፈሩ። ቅድመ አያቴ ሁለት ልጆቹን በአንድ ሳምንት ቀበረ። የቀሩት ከተረፉለት ቤተ ክርስቲያን ሊያሠራ ለገብርኤል ተሳለ። ተረፉለት። በታኅሣሥ መቃኞው፣ ማለት ታቦቱ የሚያርፍበት ጊዜያዊ ቤት፣ ቆመ። «ምሰሶውም ማገሩም የተቆረጠው ከእኛ ደን ነው» አሉ ሼሁ።

የኅዳር በሽታ 1911 ነው። 7411 ለአራት ሲካፈልም 3 ይተርፋል፤ እሱም ሉቃስ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ የተያዙት ጥቅምት 17 ቀን 1909፣ በዘመነ ማቴዎስ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የመጣው የመጀመሪያው ሉቃስ 1911 ነው። ሉቃስ በየአራት ዓመቱ እንደሚመለስ እያወቅኩ አንዱን ይዤ ቀረሁ። የታኅሣሥ 1911 ገብርኤል በፈረንጅ ሲቆጠር የሚውለው በ1918 መጨረሻ ላይ ነው። የእኛ 1911 አብዛኛው ወር ግን በፈረንጅ 1919 ስለሚውል፣ ሰሌዳውን ያጻፈው ሰው የፈረንጁን 1919 ከእኛው 1911 ጋር አምታቶት ይመስለኛል።

የሚያንገበግበኝ ስምንት ዓመት መሳቴ አይደለም። ዓመቱ ሲሳት ስለቱም አብሮ ጠፋ። ኅዳር ሲታጠን በየዓመቱ ጭስ ውስጥ ያደግኩ ሰው፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከዚያ ሐዘን የተወለደ መሆኑን ሳላውቅ ታሪኩን ጻፍኩ። ቢሮውን እወቅሳለሁ፤ ከቢሮው ይልቅ ግን ራሴን። የወሎ ልጅ ሆኜ፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነው ብዬ አንድም ሙስሊም ጎረቤት አልጠየቅኩም። ካህናቱን ብቻ ጠይቁ የሚላችሁን አትስሙ። ደኑ የማን እንደነበር፣ ድንጋዩን ማን እንዳጓዘ ጠይቁ። ዓመቱን በዘመነ ወንጌላዊ ብቻ አትመኑ፤ በሽታ፣ ጦርነት ወይም ረሀብ አብሮት ካልቆመ አትጻፉት።

ለሼሁ ይቅርታ ስጠይቅ «አብሽር፣ ይታረማል» አሉኝ። ማረሚያ ወረቀት አሳትሜ በቀሩት ቅጂዎች ላይ ለጠፍኩ። የወሰዱትንም ቤት ለቤት እየዞርኩ 140 ያህሉን አገኘሁ። የሼሁ ቃል አሁን መጀመሪያው ገጽ ላይ ነው።

ሰሌዳው ግን እስካሁን 1919 ይላል። ሁለት ደብዳቤ አስገብቻለሁ። ሦስተኛውን ሰኞ ይዤ እሄዳለሁ።