የእንጨት ሙያተኞች ማኅበር ገብቼ ያገኘሁት

የቤት ዕቃ ለብቻዬ በምሠራበት ጊዜ ማኅበር ሲባል የሚታየኝ መዋጮና የማያልቅ ስብሰባ ነበር። የገባሁትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለትልቁ የመላጊያ ማሽን ስል ነው። አንድ ሰው ገዝቶት አብዛኛውን ጊዜ አቧራ የሚጠጣ ዕቃ በጋራ ሲሆን ያዋጣል።

ከመመዝገቤ በፊት ግን በእንግድነት አንድ ስብሰባ ላይ ልገኝ ብዬ ጠየቅኩ፤ ፈቀዱልኝ። የዕለቱ ጉዳይ አንድ አባል ሊሸጠው ያዘጋጀው የምግብ ጠረጴዛ ነበር። ላዩ እንደ መስታወት ያበራል። አንድ አዛውንት አባል ላዩን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩት «እስቲ ገልብጡት» አሉ። ተገለበጠ። ተንበርክከው ገበታው ከእግሩ ጋር የታሰረባቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ። ሁሉም ክብ ናቸው፤ ብሎኑም ግጥም ብሎ ገብቷል። እንጨት በቁመቱ ብዙም አይለወጥም፤ በወርዱ ግን አየሩ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። መላወሻ ካጣ ወይ ይሰነጠቃል ወይ ይጣመማል። ስለዚህ ብሎኑ ወዲያና ወዲህ እንዲንሸራተት ቀዳዳው በወርዱ በኩል ሞላላ መሆን አለበት። ባለቤቱ ሳይከፋው እዚያው መሰርሰሪያውን አነሳ። እንዲህ ያለውን ነገር ደንበኛ የሚያየው ከወራት በኋላ ነው፤ ያኔም የሚያወራው ለጎረቤቱ እንጂ ለሠሪው አይደለም።

ቅጹን የወሰድኩት የዚያኑ ዕለት ነው። መተዳደሪያ ደንቡን ግን ቤቴ ወስጄ ተረጋግቼ አነበብኩት፤ እናንተም ይህን አትዝለሉ። መዋጮው የት ይገባል? ሒሳቡን ማን ይመረምራል? ማሽኑ ቢሰበር ማን ያሠራል? የሚወጣ አባል ምን ይደርሰዋል?

መደበኛ አባል ለመሆን ሥራን አቅርቦ ማስገምገም ግዴታ ነው። ነገሩ የቆየ ነው፤ በ1300 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የወጣ ሕግ የብር ዕቃ በሙያው ኃላፊዎች ሳይፈተሽና የነብር ራስ ምልክት ሳይመታበት ከሠሪው እጅ እንዳይወጣ ያዝ ነበር። ያኔ የነበሩት ማኅበራት አባል ላልሆነ በር ይዘጉም ነበር፤ ፈረንሳይ በ1791 በሕግ ያፈረሰቻቸው አንዱም በዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ ስትመርጡ አዲስ ሰው እንዴት እንደሚቀበሉ አስተውሉ። ጀማሪን የሚያሸማቅቅ ማኅበር ማሽኑ ቢያምር እንኳ ይቅርባችሁ።

ያልጠበቅኩት ጥቅም ዋጋ ላይ መጣ። ብቻዬን ሳለሁ የእንጨቱን፣ የኮላውንና የቀለሙን ወጪ ደምሬ ጥቂት እጨምርበት ነበር። ነባሮቹ ግን መሮ የሚሳልበትን ሰዓት፣ ተቆርጦ የሚጣለውን ቁራጭ፣ ከደንበኛ ጋር የሚባክነውን ጊዜ ሁሉ ይቆጥራሉ። በዚህ አቆጣጠር ሒሳብ የሠራሁለት የመጀመሪያው ቁም ሳጥን ሳይከራከሩኝ ተሸጠ።

ስብሰባው አሁንም ይረዝማል፤ አንዳንዱ ክርክር የትም አያደርስም። ማሽን ተጠቅሞ ወዲያው የሚሄድ አባል ግን ከመዋጮው ግማሹን እንኳ አያተርፍም ባይ ነኝ። እኔ የግዢ ኮሚቴው ውስጥ ገባሁ። እንጨት በጅምላ ስንገዛ የእርጥበት መለኪያውን ይዤ ከክምሩ መሃል እያስመዘዝኩ እለካለሁ፤ ሻጭ ደረቁን ከላይ መደርደር ይወዳልና።