የፍራንዝ ዮሴፍ ቤተሰብ በቪየና፦ ከመኝታ ቤት እስከ መቃብር

የቪየናው ሾንብሩን ቤተ መንግሥት 1441 ክፍሎች አሉት። ለጎብኚ የሚከፈቱት ጥቂቶቹ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ በወርቅ ቅብና በመስታወት የተንቆጠቆጡ ናቸው። እኔን ቀጥ አድርጎ ያቆመኝ ግን አንድ ጠባብ የብረት አልጋ ነው። አጠገቡ የፊት መታጠቢያና ተንበርክኮ መጸለያ አለ። በቃ። የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ የሚተኛው እዚህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1830 የተወለደው በዚሁ ቤተ መንግሥት ነው፤ ኖቬምበር 21 ቀን 1916 ያረፈውም በዚሁ ክፍል ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ የአውሮፓውያን ናቸው።)

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ይነሣል። ይታጠባል፣ ይጸልያል፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥና ሰነድ ሲያነብና ሲፈርም ይውላል። ዙፋኑን የያዘው በ1848 ነው፤ ገና 18 ዓመቱ ነበር። አብዮት አገሩን ሲንጠው አጎቱ ፈርዲናንድ ሥልጣኑን ለቀቀ። ተራው የአባቱ ነበር፤ ብርቱዋ እናቱ ሶፊ ግን ባሏን አስትታ ልጇን አነገሠች። ከዚያ በኋላ 68 ዓመት ሊሞላው 11 ቀን እስኪቀረው ድረስ ገዛ።

ሚስት የመረጠችለትም እናቱ ነበረች። የታሰበችለት የእህቷ ልጅ ሄለን ነበረች። በ1853 ባድ ኢሽል በምትባል የተራራ ከተማ ሊተያዩ ተቀጣጠሩ። ወጣቱ ንጉሥ ግን ታናሺቱን፣ የ15 ዓመቷን ኤልሳቤጥን አየና ልቡ እሷ ላይ ወደቀ። እሷን ካልሆነ አለ። በማግሥቱ ዓመት ተጋቡ። ሲሲ እያለ ዓለም የሚጠራት እሷን ነው።

ፍቅሩ እውነተኛ ነበር። ትዳሩ ግን አማት ገባችበት። ሶፊ የመጀመሪያዎቹን ልጆች ከእናታቸው ወስዳ በራሷ ክፍሎች አጠገብ አሳደገቻቸው። የበኩር ልጃቸው በ1857 ሃንጋሪ ውስጥ በ2 ዓመቷ ሞተች። ብቸኛውን ወንድ ልጅ ሩዶልፍን ደግሞ በ6 ዓመቱ ለአንድ ጨካኝ ወታደር ሰጡት። ሰውዬው ልጁን "ለማጠንከር" በቀዝቃዛ ውኃ ይዘፈዝፈው፣ ሌሊት በሽጉጥ ተኩስ ይቀሰቅሰው ነበር። አባትየው ዝም አለ። ያስቆመችው ኤልሳቤጥ ናት፤ በ1865 የልጆቼ አስተዳደግ በእኔ እጅ ይሁን ብላ ለባሏ ቁርጥ ያለ ደብዳቤ ጻፈችለት። እኔ እዚህ ላይ በፍራንዝ ዮሴፍ እፈርዳለሁ። ስንት ሕዝብ የሚያዝዝ ሰው እናቱንና አንድ መኮንን ተዉ ማለት አቃተው።

ከሾንብሩን በዩ4 ባቡር ካርልስፕላትዝ ወረድኩና በእግሬ ወደ ኖየር ማርክት አደባባይ ሄድኩ። ካፑቺን የሚባሉት መነኮሳት ቤተ ክርስቲያን እዚያ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ተራ ሕንፃ ነው። ሥሩ ግን የፍራንዝ ዮሴፍ ዘር የሆኑት የሀብስበርግ ነገሥታት መቃብር ነው። ቲኬት ቆርጬ ደረጃውን ወረድኩ።

መሀል ላይ ግዙፉ የማሪያ ቴሬዛና የባሏ ሣጥን አለ። እዚህ ብዙ ቆየሁ። በአገራችን ገበያ ማርትሬዛ ሲባል የኖረው ጠገራ ብር ላይ ያለችው ሴት ይቺው ናት። የፍራንዝ ዮሴፍ አያት አያት ነች። ከሞተች በኋላም ብሩ 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ መታተሙን ቀጠለ፤ በ1857 ይፋዊ የንግድ ገንዘብ ነው ብሎ ያወጀው ፍራንዝ ዮሴፍ ራሱ ነው።

የእሱ መቃብር ለብቻው ክፍል አለው። ሣጥኑ መሀል ከፍ ብሎ ተቀምጧል። በአንድ ጎኑ ኤልሳቤጥ፣ በሌላው ሩዶልፍ። በኤልሳቤጥ ሣጥን ሥር የሃንጋሪን ባንዲራ ቀለም የያዙ ጥብጣቦችና አበባ ተቀምጠዋል፤ ሃንጋሪዎች እስከ ዛሬ ይወዷታል።

ሩዶልፍ በጃንዋሪ 1889 ማየርሊንግ በሚባል የአደን ቤት ከ17 ዓመቷ ወዳጁ ማሪ ቬትሴራ ጋር ሞቶ ተገኘ። ቀድሞ እሷን፣ ከዚያ ራሱን ገደለ። ቤተ ክርስቲያን እንድትቀብረው አእምሮው ታውኮ ነበር ተባለ። አባትየው ያንን ቤት የሴቶች ገዳም አደረገው። ኤልሳቤጥ ከዚያ ወዲህ ጥቁር ለብሳ አገር ላገር ስትዞር ኖረች። በ1898 ጄኔቭ ሐይቅ ዳር ሉዊጂ ሉኬኒ የሚባል ሰው በተሳለ ሞረድ ደረቷን ወጋት። የመታት በቡጢ መስሏት ተነሥታ መርከቡ ላይ ወጣች፤ ከዚያ ወደቀች። ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ የፍራንዝ ዮሴፍ ወንድም ማክሲሚሊያን የሜክሲኮ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ሄዶ በ1867 ተረሽኗል።

የሌላ ወንድሙን ልጅ ፍራንዝ ፈርዲናንድን ፈልጋችሁ እዚህ አታገኙትም። ሳራዬቮ ላይ በ1914 ከሚስቱ ጋር የተገደለው አልጋ ወራሽ ነው። ሚስቱ ለንጉሥ ዘር የማትመጥን ናት ስለተባለ ከጎኑ እዚህ መቀበር አትችልም ነበር። እሱም ከእሷ ላለመለየት ሌላ ቦታ መቃብር አሠራ። ይህን ሳስብ ከቤተሰቡ ሁሉ እሱን አከበርኩት።

ለሽማግሌው ንጉሠ ነገሥት አዝኛለሁ። ወንድም፣ ልጅ፣ ሚስት ቀብሮ በማግሥቱ ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ ቀላል አይደለም። ግን በጁላይ 28 ቀን 1914 በሰርቢያ ላይ የአንደኛው የዓለም ጦርነት መነሻ የሆነውን አዋጅ የፈረመው ያው እጅ ነው፤ የራሱን ልጅ መሞት የሚያውቅ አባት የስንቱን ልጅ ወደ እሳት ላከ። የፈረመው ባድ ኢሽል ነው፣ ኤልሳቤጥን ባየበት ከተማ፣ እናቱ ለሠርጉ በሰጠችው ቤት። ካይዘርቪላ ይባላል፣ ለጎብኚም ክፍት ነው። ከቪየና በባቡር ይኬዳል፤ አትናንግ ፑኽሃይም ላይ ወርዳችሁ ሌላ ባቡር ትይዛላችሁ። ቀጣዩ ጉዞዬ ወደዚያ ነው።